አቤት

«ስምን መልአክ ያወጣል» ይባላል፤ ይባል።
በዚያ ሌሊት መልአክ የት ብሎ ያርፋል?
ጣራው ተገንጥሎ፣ ዘንባባው ተነቅሎ፣
ባሕሩ ከነዓሣው ደጅ ድረስ ዘልሎ!
ስሟን ያወጣላት፣ ካትባሎጋን ዳር፣
ባትሪው የደከመ አንድ ሬዲዮ ነበር፦
«ሉሚንግ ገብታለች… ሉሚንግ… ሳማር ምድር…»
አዋላጇ ሰማች። እናቲቱም ሰማች።
ሕፃኗ አለቀሰች።
መዝጋቢው ጠየቀ፣ ነገሩት፣ ጻፈና ማኅተም መታ፤
ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አሥራ አንድ ጀልባ ወጥቶ አልተመለሰም።
መንደሩ ሲያለቅስ በስሟ ነው፣ ማዕበል አይልም፦
«ሉሚንግ በላችው»፣ «ሉሚንግ ወሰደችው»።
በአራት ዓመቷ አሸዋ እየቆፈረች ትሰማለች፤
ማንን እንደበላች ግራ ገብቷት
እጇን ታያለች።

ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ፣ «አቤት» ስትል
ከኋላ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ጣራ ጣራ ያያል።
ጎረቤቷ ኖርቤርታ፣ ያኔ የሁለት ወር ሙሽራ፣
ባሏ ከአሥራ አንዱ ባንዱ ላይ የነበረ፣
አንድም ቀን ስሟን አልጠራችም።
«አንቺ» ነው የምትላት።
«አንቺ፣ ይሄ የጭስ ዓሣ ስንት ነው?»

የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ እንኳ አፈረ፤
ብዙ የገደለ ስም ነው ብሎ ከዝርዝሩ ሰረዘው፣
ዳግም ለማዕበል እንዳይሰጥ።
ለማዕበል የከበደ ስም
ለሴት ልጅ አልከበደም ተብሎ ቀረ።

በሃምሳ ዓመቷ የእጇን ጨው ታጥባ ፍርድ ቤት ሄደች።
ለድሃ የሚቆመው ጠበቃ ሮሜል ልጅ ነው፣
ክራባቱን ገና አልለመደውም።
«ምክንያት? ስሙ ያሳፍራል? ለመጻፍ ያስቸግራል?»
«የለም» አለች። «ለመጥራት ነው የሚያስቸግረው።»
እሱም «አቤቱታ» ብሎ ከላይ ጻፈ።

ከዚያ ወረቀት ነው፣ ወረቀት በወረቀት፦
ወንጀል የለባት፣ ከዕዳም አልሸሸች፣
የመንደሩ ሹም ያውቃታል፣ ፖሊስ አያውቃትም።
ከዚያ ጋዜጣ፣ ሦስት ሳምንት ተከታታይ፣
ዋጋው የሁለት ወር ዓሣ፦

ሉሚንግ ካባልዳ የተባለች
ሊናው ልባል ብላ አመልክታለችና
የሚቃወም በችሎቱ ቀን ይቅረብ።

ሊናው ማለት በአገሩ አፍ የረጋ ባሕር ነው፣
ንጋት ላይ ውኃው ሰማዩን ሳይሰብር ሲይዘው።
ጋዜጣውን ገዛች። ዓሣ አልጠቀለለችበትም።

በችሎቱ ቀን ማራገቢያው ይንቋቋል፣ አቃቤ ሕጉ ያዛጋል።
ጠሪው በሩ ላይ ቆሞ «የሚቃወም አለ?» አለ፣
አንዴ። ሁለቴ።
ሦስተኛውን ሳይጨርስ ምርኩዝ ወለሉን መታ።

«አለሁ» አለች ኖርቤርታ።
«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፣ አንብበውልኝ ነው።
ባሌ መቃብር የለውም፣ ሻማ የማበራበት ድንጋይ የለኝም።
የቀረኝ ያ ስም ነው። በደጄ ይወጣል፣ ይገባል፤
እያየሁ እጠላዋለሁ፣ እየጠላሁ አስታውሳለሁ።
ስሙ ከተፋቀ፣ ሰውዬዬ በምን ሞተ ልበል?»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች።
«ምን ትመልሻለሽ?»
«ሃምሳ ዓመት መቃብር ሆንኩላቸው» አለች ሉሚንግ።
«ደከመኝ።»

ውሳኔው በዓመቱ መጣ፦ ተፈቅዷል።
ደግሞ ሕግ ስም አይፍቅም፤ ይደርባል እንጂ።
በልደት ወረቀቷ ሉሚንግ መሐሉን እንደያዘች ናት፣
ሊናው ከጠርዙ ላይ፣ በቀጭን ቀለም፣
ከትእዛዝ ቁጥሯ ጋር ተጣባ፣
ወጀብ እንደሸሸ ጀልባ።

ቅዳሜ ገበያ ኖርቤርታ መጣች።
«አንቺ» ብላ ጀመረች፣ ተወችው።
ዓሣውን ገለባበጠች፣ ዋጋ አልጠየቀችም።
ከዚያ በቀስታ፣ ንፋስ ላይ ሻማ እንደሚለኩስ ሰው
መዳፏን አፏ ላይ ከልላ፣
«ሉሚንግ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሊናው ሚዛኑን አስቀመጠች፤
ቀና ብላ
«አቤት» አለች።